ድምሩ ትክክል፣ ጽሑፉ የተበላሸ፦ አድራሻን ለሁለት ስለሚከፍል ኮምፓይለር የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። አዳማ የሚኖሩ አንድ ተማሪ ለመመረቂያ ሥራቸው ቁልፍ ቃላቱ በአማርኛ የሆኑ ትንሽ የፕሮግራም ቋንቋ ቀርጸዋል። ኮምፓይለሩን፣ ማለትም ፕሮግራሙን ወደ ማሽን ኮድ የሚለውጠውን ክፍል፣ በፓይተን ጽፈው ሪስክ ፋይቭ (RISC-V) ለተባለው የፕሮሰሰር ዓይነት ባለ 32 ቢት ማሽን ኮድ በቀጥታ እንዲያወጣ አድርገዋል፤ ሊንከርም (የኮድ ቁራጮችን አያይዞ አድራሻ የሚሰጥ) ሆነ የሌላ ሰው አሴምብለር (የትእዛዝ ስሞችን ወደ ማሽን ኮድ የሚቀይር) አይጠቀሙም። ኮዱን የሚያስሮጡት ኪውኢሙ (QEMU) በተባለ ኢሙሌተር፣ ማለትም ማሽኑን በሶፍትዌር በሚያስመስል ፕሮግራም ላይ ነው። መሞከሪያቸው በየ10 ደቂቃው የተመዘገበ የነፋስ ፍጥነት ተቀብሎ አማካዩን የሚያሰላ ፕሮግራም ነው፤ በከተማው ዳር ተርባይኖች ሲዞሩ እያየ ለሚውል ሰው ይህ የማይገርም ምርጫ ነው። የአንድ ቀን 144 ንባብ ሲሰጡት ፕሮግራሙ ያለ እንከን ይሠራል። የሳምንቱን 1008 ንባብ ሲሰጡት ግን ድምሩ ትክክል ሆኖ እያለ «የሳምንቱ አማካይ የነፋስ ፍጥነት፦» የሚለው ጽሑፍ የመጀመሪያ ሦስት ፊደላቱን አጥቶ፣ ከፊቱ ትርጉም የሌላቸው ምልክቶች ቀድመውት፣ «ንቱ አማካይ የነፋስ ፍጥነት፦» ሆኖ ይወጣል። ገና ሲታወጅ 1008 የተሰጠው «ብዛት» የተባለው ተለዋዋጭም -1786060387 ሆኖ ይነበባል። ለምርመራ አንድ ተጨማሪ የማተሚያ መስመር ሲያስገቡ ችግሩ በሙሉ ይጠፋል። ጠያቂው «አድአይ» (addi፣ ቋሚ ቁጥር የሚደምር) የተባለውን ትእዛዝ በ«ኦርአይ» (ori፣ ቢት በቢት የሚያጣምር) ተክተው ሞክረው ማሽኑ ገና ሲጀምር በስህተት ቁጥር 7 ቆሞባቸዋል። «ጥፋቱ የኢሙሌተሩ ነው ወይስ የኔ ኮምፓይለር ነው? የኔ ከሆነስ ከየት ልጀምር?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

ጥፋቱ የኮምፓይለሩ ነው፤ ቦታውም ከለጠፉት ውጤት ብቻ ተነሥቶ ሊታወቅ ይችላል። ፊደላትን ወደ ባይት በሚቀይረው በዩቲኤፍ-8 ደንብ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ ስለዚህ የጠፉት ሦስት ፊደላት 9 ባይት ናቸው። «ድምር» ያሉት ተለዋዋጭ ደግሞ ባለ 8 ባይት ነው። በጽሑፉ ራስ ላይ 8 ባይት ቢጻፍበት «የ» እና «ሳ» ሙሉ በሙሉ ይደመሰሳሉ፣ ከ«ም» ደግሞ ሁለት ባይት ይሄድና ሦስተኛው ብቻውን ይቀራል፤ ብቻውን የቀረ ባይት ፊደል ስለማይሆን ተርሚናሉ በምትኩ እንግዳ ምልክት ያሳያል። ጽሑፉን የሚያትሙት ዜሮ ባይት እስኪገኝ ድረስ ሳይሆን በርዝመቱ በመሆኑ ቀሪው እስከ መጨረሻው ታትሟል፤ የሲ ቋንቋን ልማድ ተከትለው ቢሆን ኖሮ ጽሑፉ ድምሩ ውስጥ ካለው የመጀመሪያ ዜሮ ባይት ላይ ስለሚቆም ይህን ፍንጭ አናገኝም ነበር።

የ«ብዛት» ዋጋ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ይናገራል። -1786060387 ምልክት እንደሌለው ባለ 32 ቢት ቁጥር ሲነበብ 2508906909 ነው። ይህን ቁጥር ከዝቅተኛው ጀምረን ወደ አራት ባይት ስንበትነው 157፣ 225፣ 138 እና 149 እናገኛለን። 157 የ«ም» ሦስተኛ ባይት ነው፤ 225፣ 138 እና 149 አንድ ላይ «ን» ናቸው። እንግዲህ ኮምፓይለርዎ «ብዛት»ን አንብብ ሲባል ያነበበው «የሳምንቱ» ከሚለው ቃል መሐል ነው። ሁለቱም ተለዋዋጮች በተመሳሳይ ርቀት ወደ ኋላ ተንሸራተው ጽሑፉ ላይ አርፈዋል ማለት ነው፤ የቀረው የርቀቱን መጠን ማወቅ ነው።

በለጠፉት የማህደረ ትውስታ ካርታ መሠረት ፕሮግራሙ ከሄክስ (በ16 መሠረት ከተጻፈ ቁጥር) 80000000 ይጀምራል፤ ኪውኢሙ ቪርት በተባለው ማሽኑ ላይ ራሙን የሚያስቀምጠው ከዚያ አድራሻ ጀምሮ ነው። ኮዱና ጽሑፎቹ 4112 ባይት ይዘው ዳታው ከሄክስ 80001010 ይጀምራል። ንባቦቹ በተከታታይ የሚቀመጡበት አሬይዎ 1008 ንባብ በ4 ባይት ተባዝቶ 4032 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ «ድምር» የሚቀመጠው ከሄክስ 80001000 በ4048 ባይት ርቀት ላይ ሲሆን «ብዛት» ደግሞ በ4056 ላይ ነው። የተበላሸው ጽሑፍ 57 ባይት ርዝመት አለው፤ በ16 ባይት ድንበር ስለሚያሰልፉ 64 ባይት ይይዛል፤ የመጨረሻው ጽሑፍ ስለሆነም የሚጀምረው ከዳታው መነሻ 64 ባይት ቀደም ብሎ፣ ማለትም ከሄክስ 80001000 በ48 ባይት ወደ ኋላ ነው። «ድምር» ከ4048 ተነሥቶ -48 ላይ ካረፈ የተንሸራተተው በትክክል 4096 ባይት ነው። ይህ ቁጥር በሪስክ ፋይቭ ላይ ሲገኝ ተጠርጣሪው ሁልጊዜ አንድ ነው።

ሪስክ ፋይቭ በ2010 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የተጀመረ የትእዛዝ ስብስብ ሲሆን መደበኛ ትእዛዙ 32 ቢት ነው። ሙሉ 32 ቢት አድራሻ በአንድ ትእዛዝ ውስጥ ሊገባ ስለማይችል ለሁለት ይከፈላል፦ «ሉአይ» (lui) የተባለው ትእዛዝ ከላይ ያለውን 20 ቢት ሬጅስተር በተባለው የፕሮሰሰሩ ውስጣዊ ማስቀመጫ ውስጥ ይጭናል፣ «አድአይ» ወይም የማንበቢያና የመጻፊያ ትእዛዞቹ ደግሞ የታችኛውን 12 ቢት ይጨምራሉ። እዚህ ላይ ወሳኙ ነገር 12ቱ ቢት ምልክት ያለው ቁጥር ተደርጎ መነበቡ ነው፤ መያዝ የሚችለው ከ-2048 እስከ 2047 ያለውን ብቻ ነው። ከ2048 እስከ 4095 ያለ ቁጥር በእነዚያ 12 ቢቶች ቢጻፍ ማሽኑ ከፍተኛውን ቢት እንደ ምልክት ወስዶ ወደ ላይ ስለሚዘረጋው፣ የታሰበው ቁጥር 4096 ተቀንሶለት ይደመራል። እርስዎ የለጠፉት መክፈያ አድራሻውን ለ4096 አካፍሎ ድርሻውን ለላይኛው፣ ቀሪውን ለታችኛው ክፍል ይሰጣል። ቀሪው ከ2048 በታች እስከሆነ ድረስ ይህ ትክክል ነው። የዕለቱ ፕሮግራም አሬይ 576 ባይት ብቻ ስለሚይዝ «ድምር» በ592 ላይ ያርፍና ምንም አይሆንም፤ የሳምንቱ ፕሮግራም ግን 4048 ላይ ሲደርስ ማሽኑ የሚደምረው -48ን ይሆናል።

ምርመራውን ሳታምኑኝ ራስዎ ማረጋገጥ ይችላሉ። በለጠፉት ካርታ ላይ የንባቡን ቁጥር ብቻ ቢቀያይሩ በ505 ንባብ ሁሉም ይሠራል፤ በ506 «ብዛት» 2048 ላይ ስለሚደርስ እርሱ ብቻ ይሳሳታል፤ በ508 «ድምር»ም ይከተለዋል። ተጨማሪ የማተሚያ መስመር ሲያስገቡ ችግሩ የጠፋበት ምክንያትም ከዚሁ አይወጣም፦ አዲሱ ጽሑፍና ኮዱ ዳታውን ከ48 ባይት በላይ ወደ ፊት ስለገፋው «ድምር» እና «ብዛት» የ4096ን ድንበር ተሻግረው ቀሪያቸው እንደገና ትንሽ ቁጥር ሆነ። ይህ ፈውስ ሳይሆን የቦታ ለውጥ ነው፤ ነገ ሌላ ተለዋዋጭ ሲጨምሩ ይመለሳል።

ድምሩ ትክክል ሆኖ የታተመበት ምክንያት ደግሞ ትኩረት ይፈልጋል፣ ምክንያቱም ይህ ስህተት ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ የሚኖረው በዚሁ ነው። ኮምፓይለሩ «ድምር»ን ሲጽፍም ሲያነብም የሚሄደው ወደዚያው የተሳሳተ አድራሻ ነው። በመሳሳቱ ወጥ ስለሆነ ተለዋዋጩ ለራሱ በትክክል ይሠራል፤ የሚጎዳው ያን ቦታ በሕጋዊ መንገድ የያዘው ሌላ ነገር ነው። «ብዛት» የተለየው ዋጋው በፕሮግራሙ ውስጥ ስላልተጻፈ ነው፦ 1008ን ኮምፓይለሩ ራሱ ፋይሉን ሲያዘጋጅ በትክክለኛው ቦታ አስቀመጠው፣ የወጣው ኮድ ግን ከተሳሳተው ቦታ ፈለገው። ማሽኑም አልተቃወመም፤ ያለ ስርዓተ ክወና በማሽን ደረጃ የሚሮጥ ፕሮግራም ማንም ካልከለከለው በራም ውስጥ ያለውን ሁሉ፣ የራሱን ኮድ ጨምሮ፣ መጻፍ ይችላል።

በኦርአይ የመተካቱ ሐሳብ ሚፕስ ከተባለ ሌላ ፕሮሰሰር መማሪያ የመጣ ይመስለኛል። በሚፕስ ላይ ኦርአይ ዝቅተኛውን ቁጥር በዜሮ ስለሚዘረጋው ሉአይና ኦርአይ ተጣምረው ማንኛውንም ቁጥር ያለ ማስተካከያ ይሠራሉ። የሪስክ ፋይቭ ነዳፊዎች ግን የምልክቱ ቢት ሁልጊዜ በትእዛዙ 31ኛ ቢት ላይ እንዲሆን አድርገው፣ ሃርድዌሩ ትእዛዙ ምን እንደሆነ ለይቶ ሳይጨርስ ማስፋቱን እንዲጀምር ስለፈለጉ፣ ኦርአይና አንድአይም (andi) ጭምር ቁጥራቸውን በምልክት ያሰፋሉ። ስለዚህ -48ን ከሉአይ ውጤት ጋር ኦር ሲያደርጉት የላይኛው 20 ቢት በሙሉ 1 ሆነና አድራሻው 4294967248 ወጣ፤ ኪውኢሙ በዚያ ቦታ ራም ስለሌለው የመጻፍ ሙከራውን በስህተት ቁጥር 7 አቆመው። ያ ቁጥር የመጻፊያ መዳረሻ ስህተትን ያመለክታል፤ ማንበብ ቢሆን 5 ነበር። በነገራችን ላይ ይህ ሙከራዎ ከመጀመሪያው የተሻለ ስህተት ነበር፤ ቢያንስ ጮኾ ቆሟል።

ትክክለኛው መፍትሔ የታችኛው ክፍል አሉታዊ ሊሆን እንደሚችል ተቀብሎ የላይኛውን ክፍል አስቀድሞ ከፍ ማድረግ ነው። 98 ብር የሚከፍል ሰው መቶ ብር ሰጥቶ 2 ብር መልስ እንደሚቀበለው ሁሉ፣ ቀሪው ከግማሽ ሲበልጥ ወደሚቀጥለው 4096 ወጥተን በአሉታዊ ቁጥር እንመለሳለን። ፓይተን 3 የግእዝ ፊደል በተለዋዋጭ ስም ስለሚቀበል ቋንቋዎን ባከበረ መልኩ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

ላይ = (አድራሻ + 2048) // 4096
ታች = አድራሻ - ላይ * 4096
ላይ = ላይ % 1048576

በ«ድምር» ብንሞክረው ከሄክስ 80001000 ላይ 4048 ስንጨምርና 2048 ስንደምርበት ወደሚቀጥለው ድንበር ስለሚሻገር የላይኛው ክፍል ሄክስ 80002 ይሆናል፤ የታችኛው -48 ይወጣል፤ ሄክስ 80002000 ሲቀነስ 48 ደግሞ የምንፈልገው አድራሻ ነው። ሦስተኛው መስመር የሚያስፈልገው በአድራሻው ክልል ጫፍ ላይ ብቻ ነው፦ የመጨረሻዎቹ 2048 አድራሻዎች ሲጠጋጉ ከ20 ቢት ያልፋሉ፣ ተቆርጠው ዜሮ ሲሆኑም በ32 ቢት ማሽን ላይ ዜሮ ሲቀነስ ቀሪው ወደ ትክክለኛው ቦታ ይመልሳል። ቅደም ተከተሉ ግን ይጠበቅ፤ ታችኛው የሚሰላው ላይኛው ከመቆረጡ በፊት ባለው ዋጋ ነው። ይህን ኮምፓይለር አንድ ቀን ወደ ሲ ከወሰዱት ምልክት የሌለው ባለ 32 ቢት ዓይነት ይጠቀሙ፤ የሲ ማካፈል አሉታዊ ቁጥርን ወደ ዜሮ ስለሚቆርጥ፣ የፓይተን ግን ሁልጊዜ ወደ ታች ስለሚያጠጋጋ፣ ከሄክስ 80000000 በላይ ያሉ አድራሻዎች ምልክት ባለው ዓይነት ውስጥ ሌላ ጥፋት ያመጣሉ።

ይህን ካደረጉ በኋላ ፓይተን በሌላ ቦታ፣ ትእዛዙን ወደ አራት ባይት በሚያሽጉበት መስመር ላይ፣ አሉታዊ ቁጥር አልቀበልም ብሎ ሊቆም ይችላል። እስከ ዛሬ የታችኛው ክፍል አሉታዊ ሆኖ ስለማያውቅ እዚያ ያለው ጉድለት አልታየም እንጂ አዲስ አይደለም። የመጻፊያ ትእዛዞች 12ቱን ቢት በሁለት ቦታ፣ 7ቱን ከላይ 5ቱን ከታች አድርገው እንደሚይዙ ያስታውሱ፤ የላይኛው ድርሻ ታችን ለ32 አካፍሎ የ128 ቀሪውን በመውሰድ፣ የታችኛው ደግሞ የ32 ቀሪውን በመውሰድ ይገኛል።

አሁን ጥያቄዎ ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ያለፉትን፣ እኔን ግን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝን ነገር ላንሣ። የኮድ ማሻሻያው (ትእዛዞችን የሚቀንሰው አማራጭ) ሲበራ ኮምፓይለርዎ አድአይን ይተውና የታችኛውን ክፍል በቀጥታ በማንበቢያው ወይም በመጻፊያው ትእዛዝ ውስጥ ይከታል፤ አንድ ትእዛዝ ይቆጥባል፤ ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ የታወቁት ኮምፓይለሮች ጂሲሲም ኤልኤልቪኤምም ያደርጉታል። ባለ 8 ባይቱ «ድምር» ግን በ32 ቢት ማሽን ላይ በሁለት ቃል፣ ማለትም በሁለት ባለ 4 ባይት ቁራጭ፣ ነው የሚነበበው፤ እርስዎም ለሁለቱ አንድ ሉአይ ብቻ አውጥተው ለመጀመሪያው የአድራሻውን ታች፣ ለሁለተኛው የአድራሻውን ሲደመር 4 ታች ይሰጣሉ። ይህ የሚሠራው ሁለቱ ቃላት ከ2048 ድንበር በአንድ በኩል ሲሆኑ ብቻ ነው። ከላይ የሰጠሁዎትን የመክፈያ ማስተካከያ አድርገው የንባቡን ቁጥር 507 ቢያደርጉት «ድምር» 2044 ላይ ያርፋል። የመጀመሪያው ቃል 2044 ሆኖ ከሄክስ 80001 ጋር ይሄዳል፤ ሁለተኛው ቃል 2048 ላይ ስለሆነ ታችኛው -2048 ይሆናል፣ የሚፈልገው ላይኛ ደግሞ ሄክስ 80002 ነው፤ ያገኘው ግን የመጀመሪያውን ቃል ሄክስ 80001 ነው። ስለዚህ የድምሩ ላይኛ ግማሽ ሄክስ 80000800 ላይ ይጻፋል፤ ያ ደግሞ የፕሮግራምዎ ኮድ መሐል ነው። ድምሩ ትንሽ ስለሆነ የሚጻፈው ዜሮ ነው፤ በሪስክ ፋይቭ ላይ ሁሉም ቢቱ ዜሮ የሆነ ትእዛዝ ሆን ተብሎ ሕገ ወጥ ተደርጎ ስለተደነገገ፣ ፕሮግራሙ ወደዚያ መስመር በተመለሰ ጊዜ በስህተት ቁጥር 2 ይቆማል። ወደዚያ ካልተመለሰ ደግሞ ምንም ሳይታወቅ ያልፋል። የታችኛውን ሁለት ጊዜ ከማስላት ይልቅ በመጀመሪያው ታች ላይ 4 ብቻ መጨመርም አያድንም፤ 2044 እና 4 ሲደመሩ 2048 ነው፣ እርሱም በ12 ቢት ውስጥ አይገባም።

ለዚህኛው ጥፋት ሁለት መውጫ አለ፣ እኔ ሁለቱንም እንዲያደርጉ እመክራለሁ። አንደኛው አሰላለፍ ነው። አሁን ሁሉንም ተለዋዋጭ በ4 ባይት ድንበር ታስቀምጣላችሁ፣ እርስዎና ኮምፓይለርዎ፤ የሪስክ ፋይቭ የአጠራር ደንብ ግን ባለ 8 ባይት ቁጥር በ32 ቢት ማሽን ላይም በ8 ባይት ድንበር እንዲሰለፍ ያዝዛል። 2048 ለ8 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል በ8 የተሰለፈ ባለ 8 ባይት ነገር ያን ድንበር ፈጽሞ አይጋልብም፦ ከድንበሩ በታች ያለው የመጨረሻ መነሻ 2040 ነው፣ ሁለተኛው ቃሉም 2044 ላይ ያርፋል። ሁለተኛው መውጫ ጭማሪው ከተለዋዋጩ አሰላለፍ እኩል ወይም የሚበልጥ ሲሆን ሉአዩን አለመጋራት ነው። የአሬዩን ከዜሮ ሲቆጠር 700ኛ አባል በቋሚ ቁጥር ሲጠሩ 2800 ባይት ጭማሪ አለ፤ እዚህ ላይ አሰላለፍ ምንም አይረዳም፤ መጀመሪያ መነሻውንና ጭማሪውን ደምሮ፣ ከዚያ ድምሩን መክፈል ግድ ይላል። በኮምፓይለርዎ ውስጥ አድራሻ እስከ መጨረሻው እርምጃ ድረስ «ስምና ጭማሪ» ሆኖ ሳይከፈል ቢጓዝና የሚከፍለው አንድ ቦታ ብቻ ቢሆን ይህ ዓይነት ጥፋት የሚገባበት በር ይጠባል። በለጠፉት ኮድ ውስጥ መክፈሉ በሦስት የተለያዩ ቦታዎች ተጽፏል፤ አንዱን አስተካክለው ሁለቱን እንዳይረሱ እሰጋለሁ።

ከመክፈያው በላይ የምወቅሰው ግን ትእዛዝ አሻጊውን ክፍል ነው። ከ2047 የሚበልጥ ቁጥር ሲሰጠው በ12ቱ ቢት ውስጥ አስገብቶ ዝም ብሎ ይቀበላል። አሻጊው ከ-2048 እስከ 2047 ውጪ የሆነ ቁጥር ሲመጣ ቢቆምና የትኛው ተለዋዋጭ እንደሆነ ቢናገር ኖሮ፣ የሳምንቱን ፕሮግራም ገና ኮምፓይል ሲያደርጉ ጥፋቱ በስሙ ተጠርቶ ይቀርብልዎ ነበር። መክፈያውን ከማስተካከልዎ በፊት ይህን ፍተሻ ያስገቡ፤ ከዚያ ኮምፓይለሩ ስንት ቦታ እንደሚጮህ ይመልከቱ። ፈንክሽኖች ጊዜያዊ ዳታቸውን በሚያስቀምጡበት በስታኩ ላይም ሊጮህ ይችላል። የሳምንቱን አሬይ በፈንክሽን ውስጥ ካወጁት የስታክ ጠቋሚው በአንድ አድአይ ከ4032 ባይት በላይ መውረድ አለበት፣ ያም አይገባም፤ ቁጥሩን በሌላ ሬጅስተር ሠርቶ መቀነስ ያስፈልጋል። በተለይ ፍሬሙ (አንድ ፈንክሽን ከስታኩ የሚይዘው ቦታ) በትክክል 2048 ባይት ሲሆን ይጠንቀቁ፦ ሲወርዱ -2048 ይገባል፣ ሲመለሱ 2048 አይገባም።

ይህ ችግር የሪስክ ፋይቭ ብቻ አይደለም። ሚፕስም ታችኛውን ክፍል በማንበቢያና በመጻፊያ ትእዛዞቹ ውስጥ ሲከት በ16 ቢት ተመሳሳይ ነገር አለው፤ ፓወርፒሲ የተባለው ፕሮሰሰር አሴምብለሮችም የተስተካከለውንና ያልተስተካከለውን ላይኛ ክፍል በሁለት የተለያዩ ምልክቶች ለይተው ይጠራሉ። ባለ 64 ቢቱ አርም (ARM) ፕሮሰሰር ግን የታችኛውን 12 ቢት ያለ ምልክት ስለሚደምር የእርስዎ ቀጥተኛ አከፋፈል እዚያ ትክክል ነው፤ ከዚያ የተቀዳ ምሳሌ ካለዎት ወደዚህ ሲያመጡት በዚሁ ምክንያት ይሰበራል።

ወደ 64 ቢት ለመሸጋገር እንዳሰቡም ጠቅሰዋል። እዚያ ሉአይ የሠራውን ባለ 32 ቢት ቁጥር በምልክት ወደ 64 ቢት ያሰፋዋል፤ ስለዚህ ሄክስ 80001 የጫነ ሉአይ ከሄክስ 80001000 ይልቅ በ64 ቢቱ ክልል ጫፍ ላይ ያለ ሌላ አድራሻ ይሰጣል። በዚህ ምክንያት የኪውኢሙ ራም በሉአይ አይደረስም፣ ጂሲሲም በነባሪው የኮድ ሞዴሉ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ሲሰጡት ሊንከሩ አድራሻው አልገባም ብሎ ይቆማል። መውጫው ከራሱ ከትእዛዙ አድራሻ ርቀትን የሚለካው «ኦይፒሲ» (auipc) የተባለው ትእዛዝ ነው። የመክፈያው ቀመር አይለወጥም፤ የሚከፈለው ግን ከኦይፒሲው እስከ ተለዋዋጩ ያለው ርቀት ነው። ሁለተኛው ትእዛዝ ከ4 ባይት በኋላ ቢሆንም ርቀቱ የሚለካው ከኦይፒሲው ነው እንጂ ከእርሱ አይደለም፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው።

ፈተናውን በተመለከተ፣ አሁን ያሉዎት ፈተናዎች ጽፈው የሚያነቡ ስለሆኑ ይህን ጥፋት ሊይዙ አይችሉም፤ ከላይ እንዳልኩት በተሳሳተ አድራሻ የተጻፈ ከዚያው ከተሳሳተው አድራሻ በትክክል ይነበባል። ፈተናው ሁለት የተለያዩ መንገዶችን ማጋጠም አለበት፦ ኮምፓይለሩ በፋይሉ ውስጥ ያስቀመጠውን መነሻ ዋጋ የወጣው ኮድ እንዲያነብ፣ ወይም ኮዱ የጻፈውን ከኪውኢሙ መቆጣጠሪያ የማህደረ ትውስታ ማሳያ ጋር እንዲያመሳክሩ። መጀመሪያ ማሽን ሳይነሣ መክፈያውን ብቻ ከ0 እስከ 4095 ባሉት ቀሪዎች ሁሉ ይፈትኑት፤ ላይኛውን በ4096 አባዝቶ ታችኛውን ሲደምሩ የመነሻው አድራሻ ካልተመለሰ፣ ወይም ታችኛው ከ-2048 እስከ 2047 ካለው ክልል ከወጣ፣ መክፈያው ተሳስቷል። ቀጥሎ ከተለዋዋጮቹ በፊት ባዶ ቦታ እያስገቡ፣ በየ4 ባይቱ እየገፉ፣ አንድ ሙሉ 4096 እስኪዞሩ ድረስ ፕሮግራሙን 1024 ጊዜ ኮምፓይል አድርገው ያስሩጡት፤ ማሻሻያው በርቶም ጠፍቶም። የእርስዎ ፕሮግራም ትንሽ ስለሆነ መብራት ቢሄድ እንኳ የላፕቶፕ ባትሪ ይበቃዋል። ባዶ ቦታውንና በዙሪያው ያለውን ሁሉ አስቀድመው በሚታወቅ ቁጥር ይሙሉት፣ ኮዱንና ጽሑፎቹንም ከሩጫው በፊትና በኋላ ባይት በባይት ያነጻጽሩ። አንድም ባይት ከተለወጠ የገፉትን መጠንና የተለወጠውን አድራሻ ከማሽን ኮዱ ጋር ይላኩልኝ፤ ልዩነቱ 4096 ከሆነ ከሦስቱ መክፈያዎች አንዱ ሳይስተካከል ቀርቷል፣ ሌላ ቁጥር ከሆነ ግን የምንፈልገው ሌላ ጥፋት ነው።